ለቅሶ ደርሰው የታገሉት

ደብዳቤው የመጣው አያ ከተቀበረ ከአራት ወር በኋላ ነው። አያ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። እኛ ቤት ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም፤ አሁንም ስሙን መጻፍ ይከብደኛል። ፖስታው ላይ ግን ሙሉ ስሙ ነበር፤ ከፊቱም «አሰልጣኝ» የሚል ተጨምሮበት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ፖስታውን አገላብጣ አየችውና ማኅተሙ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ከመንግሥት ነው?» አለችኝ።

«ከስፖርት ነው።»

«እንግዲያ ሞቷል በላቸው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ደብዳቤው አጭር ነው። አገር አቀፉ የወጣቶች የቡድን ትግል ውድድር ዘንድሮ ወልድያ ላይ እንዲካሄድ አያ ያቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ቀጥሎ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ቢያንስ ስድስት ቡድን መምጣት አለበት። እያንዳንዱ ቡድን ደግሞ በሰባቱም የክብደት ምድብ አንድ አንድ ልጅ ማሰለፍ አለበት። ይህ ካልተሟላ ውድድሩ ከዓመታዊው መርሐ ግብር ይሰረዛል። ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል አይልም። ይሰረዛል ነው የሚለው። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ትግል የምለው የባህሉን ነው። ሁለት ልጆች ወገብ ለወገብ ይያያዛሉ፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። ሦስት ጊዜ ይያያዛሉ፤ ሁለቱን የጣለ አሸናፊ ይሆናል። ሌላ ብዙ ነገር የለውም። አያ በልጅነቱ ሲወዳደር ከየአቅጣጫው በአውቶቡስ ይመጡ ነበር ይል ነበር፤ ማደሪያ ጠቦ ልጆቹ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ይተኙ ነበር። እኔ ያንን አልደረስኩበትም። እኔ የደረስኩት ሲያንስ ነው። ልጆቹን ኳስ ወሰዳቸው። ጦርነቱ በእኛ በኩል ሲያልፍ ውድድሩ ቆመ፤ ከቆመ በኋላም እንደ ድሮው አልተነሳም። አያ ለመጨረሻ ጊዜ ቡድን ይዞ የሄደ ጊዜ የመጡት ሦስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው አራት ልጅ ብቻ ይዞ። ዋንጫ ይዞ ተመለሰ። ዋንጫውን ግን ከሻንጣው አላወጣውም። «ማንን አሸንፌ ነው?» አለኝ ስጠይቀው።

ያኔ ነው ወልድያ ላይ እንዲደረግ ማመልከቻ የጻፈው። እኔ ነኝ በንጹሕ ወረቀት የገለበጥኩለት፤ የእሱ ጽሕፈት አይነበብም ነበር። እኔ ትግል አልችልም። አንድ ጊዜ ሞክሬ ክንዴ ወለቀ። ከዚያ በኋላ «አንተ መዝገብ ያዝ» አለኝና ስም ጻፊ ሆንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማችን በመርሳ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ላይ ሲያሠለጥን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማን ማንን እንደጣለ እጽፋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀርም የቀጠልኩት ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሆዱን ያመው ጀመር። ለእኛ አልተናገረም። ደሴ ስንወስደው ጉበቱ ነበር። ጳጉሜ ላይ ሞተ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ አላህ ይዘንለት።

ደብዳቤውን ካነበብኩ በኋላ የአያን ስልክ ከእናቴ ሣጥን አውጥቼ ቻርጅ ሰካሁት። የየቦታው አሰልጣኞች ቁጥር እዚያ ውስጥ ነው። በእኔ ስልክ መደወል እችል ነበር፤ ግን የማያውቁት ቁጥር ላያነሱ ይችላሉ ብዬ ነው በእሱ የደወልኩት። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። በዚያኛው በኩል ስልኩ ላይ የማን ስም እንደሚመጣ አላሰብኩም።

መጀመሪያ የደወልኩት ከደቡብ ቡድን ለሚያመጡት ሽማግሌ አሰልጣኝ ነበር። ገና አንዴ እንደጠራ ተነሳ።

«አንተ ወሎዬ! የት ገብተህ ነው? ያቺ መጥለፊያ እግርህ ገደል ከተተችህ እንዴ? አምስት ወር ሙሉ!»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ሃሎ! ተኩራርተህ ነው? ወልድያን ሰጡህ አሉ፤ ከዚህ በኋላማ በደላላ ነው የምትገኘው!»

«እኔ ወንድሙ ነኝ» አልኩ።

«ወንድሙ? እሱስ? ስልኩን ጥሎ ሄደ?»

«አዎ።» ለምን አዎ እንዳልኩ አላውቅም። ከዚያ «ሞቷል» አልኩ።

በእሳቸው በኩል መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። ከዚያ «መቼ?» አሉኝ፤ ጳጉሜ ላይ አልኳቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ተቆጡ።

«ጳጉሜ! እና ዝም ትላላችሁ? እኛ ሰው አይደለንም? አሥራ አምስት ዓመት አብረን ስንንከራተት ለቅሶው እንኳ አይነገረንም?»

«ይቅርታ አባባ፤ ሁሉ ነገር በአንዴ ሆኖብን ነው።»

«ምን ይቅርታ!»

ትንሽ ሲረጋጉ ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው። ስድስት ቡድን፣ ሰባት ሰባት ልጅ፣ ካልሆነ ይሰረዛል።

«እኔ'ኮ ቡድን የለኝም» አሉ። «ሁለት ልጅ ቀርቶኛል። አንዱም ሊያገባ ነው። ግን እመጣለሁ። ለቅሶ ሳልደርስ አልቀርም። ለቅሶ ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ለዚያ ሰው ስኳር ይዤ ልሂድለት? ሰባት ልጅ ፈልጌ ይዤለት እመጣለሁ።»

እንዲህ ሆነ። ዘጠኝ ስልክ ደወልኩ። ዘጠኝ ጊዜ ሰዎች በደስታ አነሱት፤ ዘጠኝ ጊዜ ሞቷል አልኩ። በመጨረሻው ላይ ድምፄ ዝርግ ብሎ ነበር፤ ዜና የማነብ ነበር የሚመስለው። አምስቱ እንመጣለን አሉ። ከእኛ ጋር ስድስት።

ያን ቀን ደስ አላለኝም። እንዲያውም አፈርኩ። የሚመጡት ለትግሉ አይደለም፤ ለሞቱ ነው። ሬሳውን አሳይቼ እንደለመንኩ ተሰማኝ። ለእናቴ ነገርኳት። ልብስ እያጠበች ነበር።

«ስንት ሰው ነው የሚመጣው?» አለች።

«ከአሰልጣኞቹ ጋር አርባ ያህል እንግዳ።»

«ሁሉም በመርሳ ያልፋሉ?»

«ከደሴ በኩል የሚመጡት ያልፋሉ። ከአፋር የሚመጣው ግን በሚሌ መንገድ ቀጥታ ወልድያ ነው የሚገባው።»

«እንግዲያ የሚያልፉት ቤቴ ይግቡ» አለች። «ለቅሶ የደረሰ ሰው አይታገልም ያለህ ማነው?»

ቀጥሎ የራሳችንን ሰባት ልጅ ማግኘት ነበረብን። አያ ከሞተ በኋላ አሸዋው ላይ የወረደ ልጅ አልነበረም። አንድ የድሮ ልጁ ነበር፤ አያ ያሠለጠነው፣ አሁን ሲሪንቃ የምርምር ማሳ ላይ የሚሠራ። ሄጄ ለመንኩት። «እኔ አያን መሆን አልችልም» አለኝ። «እኔም አልችልም» አልኩት። ቅዳሜና እሑድ እየመጣ ማሠልጠን ጀመረ፤ እኔም እንደ ድሮው ድንጋዩ ላይ። ከሰባቱ ሁለቱን በደንብ አስታውሳለሁ። አንደኛው ከግራና ነው፤ በገበያ ቀን የሽንኩርት ጆንያ መኪና ላይ የሚጭን፣ በቡድኑ ከባዱ። ሁለተኛው የውርጌሳ ልጅ ነው፤ የሚኒባስ ረዳት፣ በቡድኑ ቀላሉ። አፉ ግን ከሰባቱም ይከብዳል። የግራናውን ባየው ቁጥር «ጋሼ፣ የሁለት ሰው ቦታ ነው የምትይዘው፤ ወደ ኋላ ጠጋ!» ይለዋል። ያኛው ዝም ብሎ በአንድ እጁ አንስቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል።

ክብደታቸውን መዝግቤ መላክ ነበረብኝ። ሚዛን የለንም። መርሳ ላይ ያለው ትልቅ ሚዛን የእህል መጋዘኑ ባስኩላ ነው። ሚዛን ያዡ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላና ጤፍ ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አያን ያውቁት ስለነበር «አብሽር ልጄ፣ አምጣቸው» አሉኝ። ልጆቹን ተራ በተራ አቆሟቸው።

«ቁም። አትነቃነቅ። ማሽላ አይነቃነቅም።»

«አባባ፣ እኔ ጤፍ ነኝ» ይላል የውርጌሳው።

«አንተማ እብቅ ነህ። ሃምሳ!» ይላሉ ጮክ ብለው፤ እኔ እጽፋለሁ። እንዲህ እያሉ ሰባቱንም ጠሩልኝ። ሁሉም በየምድባቸው ልክ ገቡ። አንዳንዶቹ ጫፍ ላይ ነበሩ፤ ግን ገቡ። ላኩት።

ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ቀኑ ደረሰ። ሐሙስ ነው። ሚዛን ወልድያ ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ትግሉ ዓርብና ቅዳሜ። የእኛ ልጆች ጠዋት ከአሠልጣኛቸው ጋር ቀድመው ሄዱ፤ እኔ እንግዳ ልቀበል መርሳ ቀረሁ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ መኪኖቹ በደሴ መንገድ መምጣት ጀመሩ። በራችን ላይ ሸራ ተወጥሯል። የደቡቡ ሽማግሌ ነጠላቸውን አደግድገው ወረዱ፤ ከኋላቸው ሰባት ልጆች ቱታ ለብሰው በሰልፍ። ሽማግሌው ወደ እናቴ ሄደው እጇን ያዙ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ እናቴ» አሏት፤ እሷ «አላህ ይስጥልኝ፣ እርስዎንም ያኑርልኝ» አለች። ልጆቹ አያን አያውቁትም። ግን ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፉ። እንደዚያ ሰፋፊ ትከሻ ያላቸው ልጆች አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው፣ ለማያውቁት ሰው እያዘኑ። እኔ ከዳስ ወጥቼ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆምኩ።

እናቴ ሁሉም ሰው እንዲበላ ብላ ሥጋ አልሠራችም። ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ የማሽላ እንጀራ፣ ንፍሮ፣ በመጨረሻም ማንጎ። ልጆቹ ትሪው ሲቀርብ አሰልጣኞቻቸውን አዩ። ከሰዓት ሚዛን አለባቸው። ለስንት ቀን አፋቸውን ይዘው የመጡ ልጆች ናቸው። እናቴ ይህን አታውቅም።

«ምነው? ሠርቼ ያስቀየምኳችሁ ነገር አለ?» አለች።

ሽማግሌው ልጆቻቸውን ገልመጥ አደረጉ። «ብሉ። ለቅሶ ቤት እምቢ አይባልም።»

በሉ። መጀመሪያ በጣታቸው ጫፍ፤ በኋላ ግን የራበው ወጣት እንዴት እንደሚበላ ይታወቃል። «በሞቴ፣ ይችን ብቻ!» እያለች እናቴ በየትሪው ትዞራለች። ከጳጉሜ ወዲህ ቀና ብላ ስትሄድ ያየኋት ያን ቀን ነው። አራቱም ቡድን እንዲሁ ሆነ። እኔም አልከለከልኩም። ሚዛኑ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ እናቴን ማስቆም አልቻልኩም።

ወልድያ ስደርስ አዳራሹ በር ላይ ወረፋ ነበር። ዋና ዳኛዋ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ሴት ናት፤ የኤሌክትሪክ ሚዛኗን ይዛ መጥታለች። መጀመሪያ የወጣው የውርጌሳው ልጅ ነው።

«ሃምሳ አንድ» አለች። «ከምድቡ በላይ ነው። ቀጥል።»

ቀጣዩም በላይ ሆነ። ሦስተኛውም። የእኛ ልጆች ለቅሶ ቤት ገብተው አልበሉም፤ አልገባኝም። እያንዳንዳቸው ከላክሁት ቁጥር በትክክል አንድ ኪሎ ይበልጣሉ። ጫፍ ላይ የነበሩት አራቱ ወደቁ።

«ሚዛናችሁ ተበላሽቷል» አለችኝ።

ውጪ ወጥቼ ለባስኩላው አዛውንት ደወልኩ።

«ኧረ ባስኩላዬ አንድ ግራም አይዋሽም!» አሉ። «ስንት ብዬህ ነበር? ሃምሳ? አዎ፣ ሃምሳ አንድ ነበር፤ አንድ ቀንሼ ነው የጠራሁት።»

«ለምን ቀነሱ አባባ?»

«የጆንያ ነዋ።»

«አባባ፣ ልጆቹ ጆንያ ውስጥ አልነበሩም'ኮ።»

«ያ አላህ» አሉ፣ «ዕድሜ ልኬን ሳልቀንስ ጠርቼ አላውቅም።»

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ስመለስ ደግሞ የባሰ ነበር። ከመርሳ የመጡት ቡድኖች ልጆች ሚዛኑ ላይ እየወጡ እየወረዱ ነው። ግማሽ ኪሎ በላይ። ሰባት መቶ ግራም በላይ። ዳኛዋ እስክሪብቶዋን ጣለች።

«ምን በልታችሁ ነው የመጣችሁት?»

«ለቅሶ ቤት ነው የዋልነው» አሉ ሽማግሌው። «ሽሮው ደግሞ ወፍራም ነበር።»

መዝገቡን አየሁት። ሰባት ልጁ ሙሉ የሆነለት አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ በሚሌ መንገድ የመጣው የአፋሩ። ሌሎቻችን አምስታችንም ጎደሎ ነን። ስድስት ሙሉ ቡድን ካልሆነ ይሰረዛል። ደብዳቤው የሚለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። አያ ዕድሜውን የሰጠለትን ነገር እኔ በአንድ ሽሮና በአንድ ጆንያ ልቀብረው ነው ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ልጆቹ ግን ሜዳው ላይ ሩጫ ጀምረዋል፤ ቱታ በቱታ ላይ ደርበው። የውርጌሳው ልጅ ሲያልፍ «አትዘን ወንድሜ፣ ፀጉሬን ብላጭ ስንት ይቀንሳል?» አለኝ። ሚዛኑ እስከሚዘጋበት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ኪሎ በላብ አይወጣም። ጥቂቶቹ ቢሳካላቸውም ሁሉም አይሳካላቸውም።

ዳኛዋ ደንቡን አውጥታ አነበበች። የቡድን መሪዎች በሙሉ ከተስማሙና ከፈረሙ ለሁሉም ምድብ እኩል ጭማሪ ማድረግ ይቻላል ይላል። በሙሉ። አንድ ሰው እምቢ ካለ ግን አይሆንም።

«እንግዲያ አንድ ኪሎ ለሁላችንም ይጨመር» አሉ ሽማግሌው። «የጆንያ።»

አዳራሹ ሳቀ። የአፋሩ አሰልጣኝ ግን አልሳቀም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«የእኔ ልጆች ሦስት ቀን አፋቸውን ይዘው ነው የመጡት» አለ። «አሁን የበላ ካልበላ እኩል ይሁን ትላላችሁ?»

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። እሱን ሲከቡት ደስ አላለኝም፤ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«የወንድምህ ነገር እዚህ ነው ያለው» አለኝ ደረቱን እየነካ። «ለቅሶም እሑድ መርሳ እሄዳለሁ። ይሄ ግን ሕግ ነው።»

«ልክ ኖት» አልኩት። «አያም ቢኖር እምቢ ይል ነበር።»

ለማባበል ያልኩት አይደለም፤ እውነቱ ነው። አያ አንድ ጊዜ በሁለት መቶ ግራም የራሱን ቡድን ልጅ አስወጥቷል። ልጁ መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ አጠገቡ ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥለት መጣ እንጂ አልመለሰውም። ይህንን ነገርኩት። ሰውዬው ወደ ልጆቹ ዞሮ በራሳቸው ቋንቋ አወራቸው። ኋላ ላይ እንደነገረኝ፣ «የተራባችሁት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ወስኑ» ነው ያላቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ከባዱ ልጃቸው በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማው፣

«እና ከማን ጋር ልንታገል ነው? ከሚዛኑ ጋር?» አለ።

ዳኛዋ ራሷ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ እየተነቃነቀ። አሰልጣኙ እስክሪብቶ ጠየቀ። ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ መስመር አጻፈ፤ ከእንግዲህ ለቅሶም ሆነ ሠርግ ከሚዛን በኋላ ይሁን የሚል። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ነው። ስድስቱም ፈረሙ። ስድስት ሙሉ ቡድን።

ዓርብ ጠዋት ሜዳው ላይ ከመርሳ ወንዝ በአይሱዙ ያመጣነውን አሸዋ ዘርግተን ነበር። ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ሦስት ሰዓት ላይ ጥቂት ሰው ነበር፤ ስድስት ሰዓት ላይ ግን ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ባጃጁን አቁሞ፣ ከሀብሩ ገጠር ጋቢ የለበሱ ገበሬዎች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በልጅነታቸው የታገሉ ናቸው፤ ስለዚህ ሁሉም አሰልጣኝ ነው።

«እግሩን ጥለፈው! ምን ትጠብቃለህ፣ ፈቃድ ልታወጣ ነው?»

«ጎንበስ አትበል፤ ሽንኩርት ለቀማ አይደለም!»

«የግራናው! ጆንያ አልከበደህ፣ ሰው ከበደህ?»

የውርጌሳው ልጅ ሦስቱንም ግጥሚያውን አሸነፈ። አንድ ጊዜ ተጋጣሚውን ይዞ ሳለ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸና ጣለው፤ ዳኛዋ አስጠነቀቀችው። የግራናው ልጅ ደግሞ ለመጨረሻው ዙር ደረሰ። የተገናኘው ከዚያ አፋር ልጅ ጋር ነው፤ ከሚዛኑ ጋር ልታገል ወይ ካለው። አንድ ለአንድ ሆኑ። ሦስተኛው ላይ ተያይዘው ብዙ ቆሙ፤ ትንፋሻቸው ይሰማል። ከዚያ የአፋሩ ልጅ ዳሌውን አስገብቶ አነሳው። ያንን የሚያህል ሰው አየር ላይ አየሁት። በጀርባው ወደቀ።

አሸናፊው እጁን አላነሳም። ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ ጀርባውን አዞረና አሸዋውን በመዳፉ አራገፈለት። ይህ የቆየ የትግል ሥርዓት ነው፤ ስለ ጠፋ አያ ሁልጊዜ ይናደድ ነበር። የወልድያ ሰው የራሱ ልጅ ተሸንፎ በጭብጨባ ተነሳ። ሴቶቹ እልል አሉ። የደቡቡ ሽማግሌ ሜዳ ላይ እንዳያለቅሱ ለምኛቸው ነበር፤ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። መዝገቡ ላይ የማን ስም እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ እንጂ። በቡድን ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ የአፋሩ ቡድን ነው። ይገባቸዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት የመዝጊያው ስብሰባ ሆነ። የዞኑ የስፖርት ባለሙያ የሆነች ሴት ወረቀት ይዛ ተነሳች። ስድስት ቡድን ተሟልቷል፤ ሰባቱም ምድብ ተሟልቷል፤ ውድድሩ በመርሐ ግብሩ ይቀጥላል አለች። ጭብጨባ ሆነ። «ቀጣዩን ዓመት የሚያዘጋጅ?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ዝም ይባላል ብዬ ነበር። አያ ይነግረኝ ነበር፤ እዚህ ጥያቄ ላይ ሁሉም ጫማውን ያያል ይል ነበር። እኔም እጄን ላነሳ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እንደገና ወልድያ ላይ ልለምን። ያሰብኩት ይህንን ነው፤ የእሱ ነገር እዚህ ከእኔ ጋር እንዲቀር።

የአፋሩ አሰልጣኝ እጁን አነሳ። ወዲያው ሽማግሌውም።

«ዋንጫው እኛ ጋ ነው ያለው» አለ የአፋሩ።

«ዋንጫ ማዘጋጀት አይችልም፤ ሰው ነው የሚያዘጋጀው!» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ሰባት ልጅ ከምንም አንስቼ ነው ያመጣሁት። እናት አባታቸው ሊያዩዋቸው ይፈልጋሉ።»

ሌላ ሦስተኛ ሰው ደግሞ እኛ አዳራሽ አለን ብሎ ተነሳ። ከኋላ የወልድያ ሰዎች «ምን ማለት ነው! የእኛ ነው፣ የትም አይሄድም!» እያሉ ጮኹ። አንዱ ጠረጴዛ መታ። ባለሙያዋ «በሥርዓት! በሥርዓት!» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ከዚያ ሽማግሌው በመካከል ወደ እኔ ዞሩ።

«የሟች ወንድም እሱ ነው። እሱ ይናገር። እዚሁ ይሁን ካለ እኔ እቀመጣለሁ።»

የአፋሩም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እዚሁ ይሁን ብል እዚሁ ይሆን ነበር። ወልድያዎቹ ያዩኛል።

«ይሂድ» አልኩ። «የት እንደሚሄድ እናንተ ተከራከሩ።»

ከኋላዬ አንድ ሰው በንዴት «ኤጭ!» አለ። ቀጥሎ ክርክሩ እንደገና ፈነዳ፤ ከበፊቱ የባሰ። መዝገቤን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ። በሩን በከፊል ዘጋሁት። ከውስጥ ሽማግሌው ስለ መንገድ ርቀት ይጮሃሉ፤ የአፋሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ ሦስተኛው ስለ አዳራሹ ጣሪያ ይምላል። ሦስት ትልልቅ ሰዎች የእኔ ነው፣ ለእኔ ነው እየተባባሉ፤ ጫማውን የሚያይ የለም። ገብቼ ላስታርቃቸው አልፈለግሁም። በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እስኪበቃቸው ሰማኋቸው።